ዜግነት ከማግኘቴ በፊት ለልጆቼ የራሳቸውን ማመልከቻ ላስገባ ወይስ ልጠብቅ? የልጄ የልደት ዓመትም በሰነዶቿ ላይ ተለያይቷል

የኤልዳና አባት፣ አሌክሳንድርያ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዬ ረዘም ያለ ነው፤ ነገር ግን ከፊሉን ነግሬአችሁ ከፊሉን ብተወው ትክክለኛ ምክር ልትሰጡኝ ስለማትችሉ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ።

በ2019 በዲቪ ወደ አሜሪካ የመጣሁት ብቻዬን ነው። ዲቪውን ስሞላ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን አስመዝግቤአለሁ፤ ሆኖም የአራት ሰው የቪዛ ክፍያ፣ የሕክምና ምርመራና የአውሮፕላን ትኬት ከአቅማችን በላይ ስለነበር እኔ እንድቀድም ተስማማን። የበጀት ዓመቱ በሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ እነርሱ በእኔ ዲቪ የመከተል መብታቸው አብሮ ተዘጋ። በጁን 2022 ለባለቤቴ አይ-130 የሚባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ አስገባሁ፤ በ2023 መጨረሻ ገደማ ጸደቀና ፋይሉ ኤንቪሲ ወደሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የቪዛ ማእከል ተላለፈ፤ እስከ ዛሬ ተራ እየጠበቀ ነው። ልጆቹ በእናታቸው ፋይል ላይ ስማቸው ተጠቅሷል እንጂ የየራሳቸው ማመልከቻ የላቸውም። ትንሹ 14 ዓመቱ ነው፤ ትልቋ በሚቀጥለው ወር 20 ትሞላለች።

አሁን አምስት ዓመቴ ስለሞላ ለዜግነት አመልክቼ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ለኖቬምበር ደርሶኛል። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ዜጋ ስሆን የልጆቹ ጉዳይ ከእናታቸው ጋር አብሮ ይፈጥናል ወይ የሚል ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ትልቋ ልጄ የተወለደችው በ1997 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 2004 ማለት ነው። በዲቪው ላይም፣ በባለቤቴ አይ-130 ላይም፣ በዜግነት ማመልከቻዬ ላይም ይህንኑ ጽፌአለሁ። ባለፈው ክረምት ለፓስፖርት ብላ ያወጣችው የልደት ምስክር ወረቀት ግን በአማርኛው በኩል ኅዳር 12 ቀን 1997 ይልና፣ እዚያው ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛው በኩል ኖቬምበር 21 ቀን 2005 ይላል። ፓስፖርቱም እንግሊዝኛውን ተከትሎ 2005 ሆኖ ወጣ። ዘመዶቻችን «አንድ ዓመት አተረፈች፤ 21 ሳትሞላ ትደርሳለች፤ ዝም በሉት» ይላሉ። እኔ ግን ሐሳቡ ዕረፍት ነሥቶኛል። የምታውቁትን እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ትርሲት፣ ሲያትል
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለእርስዎ ይሁን ወንድሜ። የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ልመልስ፤ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው የሚሰናከልበት ቦታ እርሱ ነውና።

እርስዎ ግሪን ካርድ ያዥ ሳሉ ባለቤትዎ ያለችው ኤፍ-2-ኤ በሚባለው ምድብ ውስጥ ነው። በዚህ ምድብ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆች በእናታቸው ፋይል ላይ ተንጠልጥለው መምጣት ይችላሉ። እርስዎ ቃለ መሐላ ፈጽመው ዜጋ በሆኑበት ቀን ግን ባለቤትዎ የዜጋ የቅርብ ዘመድ ወደሚባለው ክፍል ትሸጋገራለች። ይህ ክፍል የቁጥር ገደብ ስለሌለበት ለእርሷ ተራ መጠበቅ ይቀራል፤ ነገር ግን በዚህ ክፍል ማንም ሰው ሌላውን አስከትሎ አይመጣም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አይ-130 ያስፈልገዋል።

ይህንን በእኅቴ ቤት አይቼዋለሁ። ባሏ ዜግነቱን ባገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች፤ ሦስቱን ልጆች አለባብሳ፣ የክትባት ካርዳቸውንና ፎቶግራፋቸውን በየፖስታው አድርጋ ይዛቸው ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ወረቀቱን ካገላበጠች በኋላ በፋይሉ ላይ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ አለቻት። እናቲቱ ቪዛዋ ወጥቶ ሳለ ልጆቹን ለማን ጥላ ትሂድ? ለልጆቹ አዲስ ማመልከቻ ገብቶ እስኪደርስ ድረስ ቤቱ በሁለት ተከፍሎ ከረመ። ስለዚህ እባክዎን ለሁለቱም ልጆች አሁኑኑ ያስገቡ፤ ቃለ መሐላውን አይጠብቁ።

ዳዊት፣ ዳላስ
ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ እኔ ከሌላ አቅጣጫ ላንሣው። ዜግነቱን ለጥቂት ጊዜ ቢያዘገዩትስ? ኤፍ-2-ኤ ለዓመታት ተራ ሳያስጠብቅ ክፍት ሆኖ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፤ እንደገና ቢከፈት ሦስቱም በአንድ ፋይል ተያይዘው ይመጣሉ፤ ክፍያውም ይቀንሳል። ስለ ልደት ዓመቱ ደግሞ እናንተ ያልፈጠራችሁት፣ መንግሥት ማኅተም ያደረገበት ወረቀት ነው። ፓስፖርትና የልደት ምስክር ወረቀት ከተስማሙ ኤምባሲው ሌላ ምን ይጠይቃል? በየቦታው በዚህ መንገድ የመጡ ልጆች አሉ። ልጅቷን ከእናቷና ከወንድሟ ነጥሎ ማስቀረት ይበልጥ ያሳዝነኛል።

የቀድሞ የሕግ ረዳት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

በኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ፋይል በማዘጋጀት ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የምጽፈውም የጠበቃን ምክር አይተካም። ነገር ግን ወንድማችን ዳዊት ከቅን ልብ ያቀረቡት ሐሳብ በዚህ ቤተሰብ ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ስለማውቅ ዝም ማለት አልችልም።

በመጀመሪያ 2005 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ እንመልከት። ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 31፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ማለፊያ ድረስ፣ በእኛና በእነርሱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ጃንዋሪ 1 ሲገባ 8 ይሆናል። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ቀኑንና ወሩን በትክክል ኖቬምበር 21 ብሎ ለውጦ ዓመቱን በልማድ 8 ደምሮበታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በተወለዱ ልጆች ሰነድ ላይ ከማየው ስሕተት ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ሌላው ደግሞ ወሩን በስሙ ብቻ መለወጥ ነው፤ ጥር 5 ቀን 1997 የተወለደው ልጅ ጃንዋሪ 5 ቀን 2005 ይባላል፤ ትክክለኛው ግን ጃንዋሪ 13 ነው። ስምንት ቀን ትንሽ ይመስላል፤ 21 ዓመት በሚሞላበት ሳምንት ግን ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ ዝም በሉት የሚለውን ምክር እንመርምር። አባቷ በ2019 ለዲቪ ቪዛው በሞላው ዲኤስ-260 በሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ላይ 2004 ብሎ ጽፏል። በአይ-130 ላይም በዜግነት ማመልከቻው ላይም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ አይጠፉም፤ ቆንስሉ ከፊቱ ባለው ኮምፒዩተር ሊከፍታቸው ይችላል። ከዚያም አልፎ ኤምባሲው ዘግይቶ የወጣ የልደት ምስክር ወረቀት ሲያይ በልጅነት የተጻፉ ሰነዶችን መጠየቅ የተለመደ ነው፤ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሣች ወረቀቱ የሚለው የካቲት 1997 ነው። ኖቬምበር 21 ቀን 2005ን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት፤ ኅዳር 12 ቀን 1998 ይሆናል። ከመወለዷ ዘጠኝ ወር በፊት ክርስትና የተነሣች ልጅ ይዞ መስኮት ላይ መቅረብ ማለት ነው።

ስሕተቱን የሠራው ጸሐፊው ነው፤ እስከዚህ ድረስ ማንም አይጠየቅበትም። ስሕተት መሆኑን እያወቁ በእርሱ ለመጠቀም ሲያቀርቡት ግን ነገሩ ይለወጣል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ቪዛ ለማግኘት ብሎ ወሳኝ ነገርን አዛብቶ ያቀረበን ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዳይገባ ይከለክላል። ምሕረት መጠየቂያ መንገድ አለ፤ አይ-601 ይባላል፤ ነገር ግን ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ የሆነ ወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ከባድ መከራ እንደሚደርስበት ማሳየት ይጠይቃል፤ ይህም ቀላል አይደለም። አባትየውም በኖቬምበር ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ እጁን አንሥቶ ምሎ ነው የሚመልሰው። በመሐላ የተነገረ ሐሰት የራሱን ዜግነትም ያናጋል።

የሚያሳዝነው ደግሞ ለልጅቷ ይህ ሁሉ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። በእውነተኛው ልደቷ 21 የምትሞላው ኖቬምበር 21 ቀን 2025 ነው። ገና ከዓመት በላይ አላት። በ2002 የወጣው የልጆችን ዕድሜ የሚጠብቀው ሕግ እንዲህ ይላል፤ አባት ግሪን ካርድ ያዥ ሳለ ለልጁ አይ-130 አስገብቶ ልጁ 21 ሳይሞላ ዜጋ ከሆነ፣ የልጁ ዕድሜ አባትየው ቃለ መሐላ በፈጸመበት ቀን ላይ ይቆማል። አባትየው ከዜግነቱ በኋላ ካስገባ ደግሞ ማመልከቻው በገባበት ቀን ይቆማል። ስለዚህ አባቷ ከኖቬምበር 21 ቀን 2025 በፊት ቃለ መሐላውን ፈጽሞ፣ የእርሷም ማመልከቻ ገብቶ ከተገኘ፣ ኤንቪሲ ቢዘገይ፣ ኤምባሲው ቀጠሮ ቢያጓትት፣ 22 ዓመት ቢሞላትም በሕጉ ዓይን ልጅ እንደሆነች ትቀጥላለች። እውነቱ ራሱ ይዟት ይመጣል።

ዜግነቱን ስለ ማዘግየት የተነሣው ሐሳብ ከዚህ የተነሣ አይታየኝም። ኤፍ-2-ኤ ክፍት የነበረው እውነት ነው፤ ነገር ግን በኤፕሪል 2023 ወደ ኋላ ተመልሶ ቀን ተቆረጠለት፤ መቼ እንደሚራመድ ማንም ቃል ሊገባላችሁ አይችልም። በዚያ ምድብ የልጅ ዕድሜ የሚሰላው ቪዛው በተገኘበት ቀን ካላት ዕድሜ ላይ ማመልከቻው ሳይወሰን የቆየበት ጊዜ ተቀንሶ ስለሆነ ትንሽ እፎይታ ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ተራው የደረሰበትን ቀን በየወሩ በሚያሳውቀው የቪዛ ቡለቲን እንቅስቃሴ ላይ የተንጠለጠለ ስሌት ነው። የቃለ መሐላው ቀን ግን በእጃችሁ ያለ ነገር ነው። ዜጋ የሚኮነው በቃለ መጠይቁ ቀን ሳይሆን በቃለ መሐላው ቀን መሆኑንም ልብ በሉ፤ አንዳንድ ቢሮ በዕለቱ ያስምላል፤ አንዳንዱ በሌላ ቀን ይጠራል።

ሰነዱን ስለ ማረም፤ የአማርኛው ጽሑፍና የመዝገቡ ቃል ትክክል ከሆኑ የተሳሳተው የእንግሊዝኛው ትርጉም ብቻ ነው። ምስክር ወረቀቱን የሰጠው የወረዳ የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የክርስትና ወረቀቷንና የትምህርት ማስረጃዋን ተመልክቶ እንዲያርም በጽሑፍ ጠይቁ። በመዝገቡ ላይም ዓመቱ ተሳስቶ ከተገኘ ወይም ፓስፖርቱን የሚያርመው መሥሪያ ቤት ከጠየቀ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ ዛሬ ይጀመር። የተሳሳተውን ወረቀት ቅጂ አትጣሉት። አንድ ቀን ቢጠየቅ ስሕተቱ ምን እንደነበረና እንዴት እንደታረመ በግልጽ ማሳየት ያስከብራችኋል።

ዳዊት፣ ዳላስ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዕድሜ መቆሙን ሕግ በዚህ መልክ አላውቀውም ነበር። በእውነተኛው ቀን የምትደርስ ከሆነ ሌላ የምለው የለኝም፤ የቀደመውን ሐሳቤን ትቼዋለሁ። አንባቢ እንዳይሳሳትበት ይህንን ጽፌአለሁ።

እኅተ ሚካኤል፣ ሚኒያፖሊስ
ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

በዚሁ ክር ላይ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ከጉዳዩ ብዙ አይርቅም። እኔ ዜጋ ነኝ፤ ለእናቴ ላመለክት ነው። እናቴ በ1940ዎቹ በገጠር ስለተወለደች የልደት ምስክር ወረቀት ኖሯት አያውቅም። ለወንድሜም በዚያው ላመልክትለት አስቤአለሁ። ይህ ይቻላል ወይ?

የቀድሞ የሕግ ረዳት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ፣ ለእናትዎ ሲያመለክቱ በመጀመሪያ የሚጠየቀው የእርስዎ የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ የእናትዎ ስም ሰፍሮበት ዝምድናውን ማሳየት አለበት። የእርሷ ልደት ማስረጃ የሚፈለገው ፋይሉ ኤንቪሲ ሲደርስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ዘግይቶ የተመዘገበ ወረቀት ማቅረቡ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የዘገየ ምዝገባ መሆኑ ስለሚታወቅ ግን ከጎኑ ሌላ ማስረጃ ይጨምሩ። ዝምድናው ካላሳመነ የዲኤንኤ ምርመራ እንድታደርጉ ሐሳብ ሊቀርብላችሁ ይችላል፤ ምርመራው የሚታመነው ኤኤቢቢ ከሚባለው ማኅበር ዕውቅና ባገኘ ላቦራቶሪ ሲሠራና ውጤቱ በቀጥታ ከላቦራቶሪው ሲላክ ብቻ ነው። ሳይጠየቁ በራስዎ ገንዘብ አስቀድመው አያሠሩ። ዲኤንኤ ወላጅና ልጅነትን እንጂ ዕድሜን እንደማያረጋግጥም ልጨምር።

የወንድምዎ ጉዳይ ሌላ ነው። ዜጋ ለእናቱ የሚያመለክትበት ክፍል ተራ የለውም፤ የወንድምና እኅት ምድብ ግን በአሁኑ ጊዜ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያስጠብቃል። ለየብቻ ማመልከቻ ነው የሚሆነው። ያም ሆኖ የሚያስገቡ ከሆነ ዛሬ ያስገቡት፤ አድራሻዎን በለወጡ ቁጥርም ያሳውቁ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚላከው ደብዳቤ የቀድሞ አፓርታማዎ በር ላይ እንዳይቀር።

የኤልዳና አባት፣ አሌክሳንድርያ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሁለቱንም ልጆች አይ-130 በኦንላይን አስገብቻለሁ። ባለቤቴም ከወረዳው ጋር የማረሙን ሥራ ጀምራለች፤ ደግነቱ መዝገቡ ላይ ያለው 1997 ስለሆነ ሊያርሙላት ተስማምተዋል። የክርስትና ወረቀቱን ከደብሩ አግኝታለች፤ እንደተባለው የካቲት 1997 ይላል።

ሦስት ነገሮች ቀርተውኛል። አንደኛ፣ ለልጄ ሽማግሌ ተልኮባት ነበር፤ የሁለቱም ቤተሰብ ተዋውቋል፤ ልጁም ጨዋ ነው። ቤተሰቡ ለፋሲካ ማግሥት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱ ይፈጸምና በማዘጋጃ ቤት የሚመዘገበው በኋላ ይሁን ይላል። ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ከጋብቻችን በፊት ሦስት ዓመት ያህል ቤይሩት ሠርታለች። ሦስተኛ፣ በዓመት የማገኘው ወደ 36 ሺህ ዶላር ነው።

ትርሲት፣ ሲያትል
ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስለ ሠርጉ እኔ ልናገር፤ እንደ እናትም ስለሚሰማኝ። ወንድሜ፣ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀምጠው ያነጋግሯቸውና ጊዜ ይለምኗቸው። ሽምግልናና ቃል መግባት ጋብቻ አይደለም፤ ችግር የለውም። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ሥርዓት ግን፣ በመስጊድ የታሰረ ኒካሕም ቢሆን፣ ማዘጋጃ ቤት ሳይመዘገብ እንኳን ጋብቻ ነው፤ የእኛም የቤተሰብ ሕግ የሃይማኖትና የባህል ጋብቻን ያውቃል። እርስዎ ገና ግሪን ካርድ ያዥ ሳሉ ብታገባ ማመልከቻዋ ወዲያው ይሰረዛል። ዜጋ ከሆኑ በኋላ ብታገባ ደግሞ ያገቡ የዜጋ ልጆች ወደሚጠብቁበት ምድብ ትወርዳለች፤ ያም በጣም ረጅም ተራ ነው። ቪዛው እጇ ከገባ በኋላም ቢሆን አሜሪካ እስክትገባ ድረስ ያላገባች መሆን አለባት። ገብታ ግሪን ካርዷን ከያዘች በኋላ ተመልሳ ትዳሯን መሥርታ ለባሏ ማመልከት ትችላለች። ልጁ ጨዋ ነው ብለዋል፤ ምክንያቱ ቢነገረው ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ።

የቀድሞ የሕግ ረዳት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅታችን ትርሲት በትክክል ገልጸውታል። በቤታችን «ገና አልተመዘገበም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ያላገባ እንደማለት ይቆጠራል፤ ቆንስሉ ግን የሚጠይቀው ሥርዓቱ ተፈጽሟል ወይ ብሎ ነው። በዚሁ አጋጣሚ የእርስዎን የጋብቻ ምስክር ወረቀትም ይመልከቱት። ሥርዓቱ የተፈጸመበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን ሁለቱም ይኖሩበታል፤ ቅጹ ላይ የሚጻፈው የተፈጸመበት ቀን ነው። ሰዎች የምዝገባውን ቀን እየጻፉ ልጆቻቸውን ከጋብቻ በፊት የተወለዱ ያስመስሏቸዋል፤ ከዚያም የማያስፈልግ የማስረጃ ጥያቄ ይመጣል።

ስለ ቤይሩት፤ 16 ዓመት ከሞላ በኋላ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የተኖረበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ባለቤትዎ ከኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ ከምታወጣው በተጨማሪ የሊባኖሱንም ታቀርባለች። ከአረብ አገር የተመለሱ እኅቶቻችን ፋይል በብዛት የሚዘገየው በዚህ ነው፤ አሠሪዎቻቸው ፓስፖርታቸውን ይዘውባቸው የነበሩ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ቅጂ የሌላቸው ብዙዎች ናቸው። የአሜሪካ ስቴት ዲፓርትመንት በድረ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ አገር ማስረጃው ከየት መሥሪያ ቤትና በምን መንገድ እንደሚገኝ፣ የማይገኝም ከሆነ የማይገኝ መሆኑን ጽፎ አስቀምጧል፤ መጀመሪያ እርሱን ያንብቡ። የቀድሞ ፓስፖርቷ ከተገኘ፣ ቪዛውና የመኖሪያ ማኅተሙ ያለበትን ገጽ አሁኑኑ ስካን አድርጋ ታስቀምጥ። ቅጹ ላይ ቤይሩት የኖረችበትን ዘመን መዝለል ግን በምንም ምክንያት አይደረግ።

ስለ ገቢዎ፤ የስፖንሰርነት ቃሉ አይ-864 ነው። ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ ገቢ ይጠይቃል። በ2024 መለኪያ ለአራት ሰው ቤተሰብ 39 ሺህ ዶላር ነው፤ ስለዚህ በ36 ሺህ ትንሽ ይጎድልዎታል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ የሆነ፣ አሜሪካ የሚኖርና ገቢው የሚበቃ ሰው ተባባሪ ስፖንሰር ሊሆንልዎ ይችላል፤ ዘመድ መሆኑ ግዴታ አይደለም። ለሚፈርመው ሰው ግን ምን እንደሚፈርም በግልጽ ይንገሩት፤ ግዴታው የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይም የ40 ሩብ ዓመት የሥራ ክሬዲት እስኪያሟላ ድረስ ይቆያል፤ ፍቺ እንኳን አያወርደውም። በማኅበርና በዕድር ስንተዋወቅ «ፈርምልኝ» ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም። ፋይሎቹ አሁን ሦስት ስለሆኑ ቃሉም ለየፋይሉ ነው የሚቀርበው። የ14 ዓመቱ ልጅዎ ግን አባቱ ዜጋ ከሆነ በኋላ 18 ሳይሞላው በቋሚ ነዋሪነት ገብቶ ከእርስዎ ጋር ሲኖር በሕግ ወዲያው ዜጋ ስለሚሆን ከዚህ ቅጽ ነፃ የሚሆንበት አሠራር አለ። ትልቋ ከ18 በላይ ስለሆነች ይህ አይመለከታትም።

ክፍያውን አስቀድመው እንዲያዘጋጁ፤ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ አይ-130 በኦንላይን 625፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው። ኤንቪሲ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ቪዛ 325 ዶላር፣ ለስፖንሰርነቱ ቃል በየፋይሉ 120 ዶላር ይከፈላል። ቪዛው ከወጣ በኋላ ለግሪን ካርዱ ኅትመት በሰው 235 ዶላር አለ። የሕክምና ምርመራው ለብቻው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህም በጣም የሚያሳስበኝ ነው። በየሱቁና በየትራቭል ቢሮው ቅጽ እንሞላለን የሚሉ ሰዎች አሉ። የሚነገራቸውን መጻፍ ይችሉ ይሆናል፤ በየትኛው ምድብ አመልክት፣ ይህንን ጻፍ፣ ያንን ተው ብለው የሕግ ምክር ለመስጠት ግን ፈቃድ የላቸውም። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌላችሁ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጣቸው ተወካዮች ያሏቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በአነስተኛ ክፍያ ያያሉ፤ ዝርዝራቸውም በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።

የኤልዳና አባት፣ አሌክሳንድርያ ቨርጂኒያ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንደምን ሰነበታችሁ። ቃለ መጠይቁን አልፌ በዚህ ሳምንት ቃለ መሐላዬን ፈጽሜአለሁ። መርማሪዋ የልጆቼን ስምና ልደት አንድ በአንድ ስትጠይቀኝ 2004 ብዬ መለስሁ፤ እርሷም ከፋይሉ ጋር አስተያይታ አለፈች። የታረመው የልደት ምስክር ወረቀት ወጥቷል፤ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ሆኗል። ፓስፖርቱ ገና በሂደት ላይ ነው። የሽማግሌዎቹም ነገር በመግባባት አልቋል፤ ሠርጉ እንዲቆይ የልጁ አባት ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ። ተባባሪ ስፖንሰርም አብሮኝ የሚሠራ ወንድም ግዴታውን አንብቦ ተስማምቶልኛል። አሁን ዜጋ መሆኔን ለማን ነው የማሳውቀው?

የቀድሞ የሕግ ረዳት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንኳን ደስ አለዎት። የባለቤትዎ ፋይል ኤንቪሲ ዘንድ ስላለ በኤንቪሲ ድረ ገጽ ላይ ባለው የጥያቄ ማቅረቢያ ቅጽ የኬዝ ቁጥሯን ጽፈው የዜግነት ምስክር ወረቀትዎን ቅጂ ያያይዙ፤ ምድቡ እንዲለወጥ በግልጽ ይጠይቁ። የልጆቹ ማመልከቻ ገና ያልጸደቀ ስለሆነ ስለ እነርሱ የሚያሳውቁት ማመልከቻውን ለተቀበለው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ ለዩኤስሲአይኤስ ነው፤ አካውንትዎ ላይ በየደረሰኝ ቁጥሩ ሰነዱን ይጫኑ። ባለቤትዎ ቀድማ ልትደርስ ስለምትችል፣ ልጆቹ እስኪደርሱ ቃለ መጠይቋን ማቆየት ከፈለጋችሁ የቪዛ ክፍያውን ከከፈላችሁ በኋላ ፋይሉን ዝም ብላችሁ ከዓመት በላይ አትተዉት፤ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ካላደረጋችሁበት ሊዘጋ ይችላል፤ በየጥቂት ወሩ ገብታችሁ ተመልከቱት ወይም መልእክት ላኩ።

ልጅዎ በቃለ መሐላዎ ቀን 20 ዓመቷ ስለነበር ዕድሜዋ በዚያ ላይ ቆሟል። ዲኤስ-260 ስትሞላ የታረመውን ፓስፖርት ይዛ፣ ስሟንም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ትጻፍ፤ በትምህርት ቤት ማስረጃዋ ላይ ስሟ በሌላ ፊደል ተጽፎ ከሆነ ሌሎች የተጠቀምሽባቸው ስሞች በሚለው ቦታ ላይ ታስገባው። የቀድሞው ፓስፖርት 2005 ይል እንደነበር ከተጠየቀች ደግሞ የታረመውንና ያልታረመውን ምስክር ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ ታስረዳ።